አምስት ጊዜ ቤት ድረስ፦ የኮሎራዶ ላቲኖ አስታማሚዎች ጉዳይ

በጁላይ 2012 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት አንድ ጥናት ሰው መመዝገብ ጀመረ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የሚመዘገቡት ካንሰር የጠናባቸው ላቲኖዎች፣ ማለትም ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሚመዘዝ ሰዎች፣ ነበሩ። ጥናቱ በስፓኒሽ «አፖዮ ኮን ካሪኞ» ተባለ፤ ፍቅር ያለበት ድጋፍ እንደማለት ነው። የመሩት በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሐኪም የሆኑት ዶክተር ስቴሲ ፊሸር ናቸው።

አካሄዱ ለመረዳት አይከብድም። በከተማም በገጠርም ካሉ የካንሰር ክሊኒኮች 223 ሕሙማን ተመዘገቡ። አማካይ ዕድሜያቸው 58 ገደማ ነው። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ 112ቱ ወደ አንዱ፣ 111ዱ ወደ ሌላው። ሁለቱም ወገን ለላቲኖ ቤተሰብ እንዲስማማ ሆኖ የተዘጋጀ የጽሑፍ ጥቅል ተሰጠው። አንደኛው ወገን ግን ከወረቀቱ ሌላ ሰው ተላከለት። የሚላኩት ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ፣ ባህሉን ከውስጥ የሚያውቁ ተራ የማኅበረሰቡ ሰዎች ናቸው። ነርስም ሐኪምም አይደሉም። ሠልጥነው አምስት ጊዜ ቤት ድረስ ይሄዳሉ። በሙያው ናቪጌተር ይሏቸዋል፤ እኔ መንገድ መሪ እላቸዋለሁ።

ወረቀት ብቻ ይበቃል ወይስ ሰውም ያስፈልጋል? ጥያቄው ይኸው ነበር።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በምክንያት ነው። ስለ «ባህልን ያከበረ እንክብካቤ» ብዙ ይጻፋል። አብዛኛው ምክር ነው፤ ይህን አድርጉ፣ ያን አታድርጉ። እዚህ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ለካው። ከውጤቱ ግማሹ ያስደስታል፣ ግማሹ አያስደስትም። እኔን ይበልጥ ያስተማረኝ የማያስደስተው ነው።

ሕጉ የሚያስበው ሰው

አሜሪካ ውስጥ የጠና ሕመምተኛ ሕክምና አንድ ሐሳብ ላይ ቆሟል። ገላው የራሱ ነው፤ ውሳኔውም የራሱ። በ1990 የወጣ የፌዴራል ሕግ ሆስፒታሎች ይህን መብት ተኝቶ ለሚታከም ሰው ሁሉ በጽሑፍ እንዲያስታውቁ ያዛል። ራሴን ብስት ማን ይወስንልኝ? መተንፈሻ ማሽን ይገጠምልኝ ወይስ ይቅር? ይህን ሰውየው ጤናው ሳይከዳው ጽፎ እንዲያስቀምጥ ይበረታታል። የቅድሚያ ውሳኔ ወረቀቶች ይባላሉ፤ በዋናነት ሁለት ናቸው። አንዱ የሕክምና ውክልና ነው፤ ሰው የሚሾምበት። ሌላው የሕክምና ኑዛዜ ልንለው የምንችለው ነው፤ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚፈልግና እንደማይፈልግ የሚጽፍበት።

ሕጉ የሚያስበው ሰው ብቻውን ነው። ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሎ፣ አንብቦ፣ ይፈርማል። እናቱ የሉም፤ ሚስቱ የለችም፤ ከሌላ ከተማ በስልክ የምትቆጣው እህቱም የለችም።

በ1995 ጃማ የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት እውነተኛውን ሰው ጠይቆ ነበር። በሎስ አንጀለስ 800 አረጋውያን፣ ከአራት ማኅበረሰብ 200፣ 200። ካንሰሩ እንደተሰራጨ ለሕመምተኛው ይነገረው ወይ? ከነጮቹ 87 በመቶ፣ ከጥቁር አሜሪካውያኑ 88 በመቶ ይነገረው አሉ። ከሜክሲኮ አሜሪካውያኑ 65 በመቶ፣ ከኮሪያ አሜሪካውያኑ 47 በመቶ። ሕይወትን በማሽን ስለማቆየትስ ራሱ ሕመምተኛው ይወስን? ከሜክሲኮ አሜሪካውያኑ አዎ ያሉት 41 በመቶ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ውሳኔው የቤተሰብ ነው ወደ ማለት ያደላሉ።

ይህን ጥናት የሚጠቅስ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን አንዱን ጎን ብቻ ያያል። 65 በመቶ ማለት ከሦስት ሰው ሁለቱ ገደማ «ይነገረው» ይላሉ ማለት ነው። «ላቲኖ ሕመሙን ማወቅ አይወድም» ተብላ የሠለጠነች ነርስ ስለ ብዙዎቹ ትሳሳታለች። ባህል የሚባለውን ነገር በዝርዝር አስፍሮ ማስተማር ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

የኮሎራዶን ላቲኖዎች ደግሞ እንይ። በ2020 ቆጠራ ከግዛቱ ሕዝብ 21.9 በመቶ ናቸው። ትናንት የገባ አለ። አያት ቅድመ አያቶቹ አሜሪካ ሳትደርስባቸው እዚያው የነበሩም አሉ። ደቡባዊው የግዛቱ ክፍል በ1848ቱ ውል ነው ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ የዞረው። የኮሎራዶ ጥንታዊ ከተማ የምትባለው ሳን ልዊስ በ1851 የተቆረቆረችው በስፓኒሽ ተናጋሪዎች ነው። ካቶሊክ አለ፣ ጴንጤ አለ። ስፓኒሽ ጨርሶ የማይናገርም አለ። ይህን ሁሉ ሰው «ላቲኖ» ብሎ አንድ ሳጥን ውስጥ መክተት ለቆጠራ ይመች ይሆናል፤ ለአልጋ ዳር ግን አይመችም።

አስታማሚው የሚገጥመው

ስለ ሆስፒስ፣ ማለትም ሞት ለተቃረበ ሰው ስለሚሰጥ እንክብካቤ፣ ሲወራ ብዙ ሰው ሕመምተኛውን ወስዶ የሚያስተኛ ቤት ያስባል። እንዲህ ያለ ቤት አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ሆስፒስ ቤት ድረስ የሚመጣ አገልግሎት ነው። ሜዲኬር፣ በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ በ1982 በወጣ ሕግ ይከፍላል። ሁለት ሐኪሞች «በሽታው በልማዱ ከሄደ ከስድስት ወር በላይ አይቆይም» ብለው ይፈርማሉ። ሕመምተኛው በሽታውን ለማዳን የሚደረገውን ሕክምና ያቆማል። ሕመምን፣ ትንፋሽ ማጠርን፣ ጭንቀትን የሚያስታግሰው ይቀጥላል። ስድስት ወሩ ካለፈም ሐኪም እንደገና እያረጋገጠ ይራዘማል። ሐሳቡን የቀየረ ሰው በማንኛውም ቀን ወጥቶ ወደ ሕክምናው መመለስ ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ቤተሰብ አያውቅም። ባለማወቁም ፊርማውን እንደ ሞት ፍርድ ያየዋል።

ነርሷ በሳምንት ጥቂት ቀን ትመጣለች። አልጋው ይመጣል፤ ኦክስጅኑ ይመጣል፤ መድኃኒቱ ይመጣል። ስልኩ ሌሊትም ይሠራል። የቀረው ሰዓት ሁሉ የአስታማሚው ነው። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ አንሶላ መቀየር፣ መድኃኒት መስጠት። በላቲኖ ቤተሰብ ይህ ሸክም በአብዛኛው የሴት ልጅ ወይም የሚስት ትከሻ ላይ ያርፋል። ሥራ አላት፤ ልጆች አሏት። ወላጅን ለሌላ ሰው ጥሎ መሄድ ደግሞ ነውር ነው። «ደክሞኛል» ማለትም ያሳፍራል። ሜዲኬር ለአስታማሚ እረፍት ሲባል ሕመምተኛውን እስከ አምስት ቀን ሌላ ቦታ ለማቆየት እንደሚከፍል የሚነግራት ካላገኘች እረፍት የሚባል ነገር መኖሩንም አታውቅም።

ለዚህች ሴት የመጨረሻ ዘመን እንክብካቤን ማስተማር ማለት ምን ማለት ነው? ፍልስፍና አይደለም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚገጥማት ነገር ነው።

መጀመሪያ ምግብ። አባት መብላት ያቆማል። ልጅቷ ሾርባ ትሠራለች፤ ትለምናለች፤ ታለቅሳለች። ይህን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። «በሞቴ አንዴ ብቻ» ብሎ ያልለመነ አስታማሚ የትኛው ነው? ማወቅ ያለባት ግን ይህ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሰውነት ምግቡን መጠቀም ያቆማል። ሰውየው የሚሞተው ስላልበላ አይደለም፤ እየሞተ ስለሆነ ነው የማይበላው። በግድ የጎረሰው ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ከንፈሩን ማርጠብ፣ አፉን በእርጥብ ስፖንጅ ማበስ፣ ከጠየቀ ትንሽ በረዶ ማቅመስ ይቻላል። እጇን ሥራ ማስያዝ ያስፈልጋል። «ተይው አትመግቢው» ብሎ ብቻ ጥሏት የሚሄድ ሰው የፍቅሯን መንገድ ዘግቶባት ሄደ።

ቀጥሎ ሞርፊን። ፈሳሽ ሞርፊን ከጠብታ መስጫው ጋር ቤት ይቀመጣል። መስጠት ያለባት እሷ ናት። ሁለት ፍርሃት አለባት። አንዱ ሱስ ነው። ሌላው ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ «እኔ በሰጠሁት ጠብታ ቢሞትስ?» የሚል። አንዳንድ ቤተሰብ ጠርሙሱን ሳይከፍተው ሰውየው በሥቃይ ያልፋል። ለሕመሙ በተለካ መጠን የሚሰጥ ሞርፊን ሕመምንና የትንፋሽ ጭንቀትን ለማቅለል እንጂ ሞትን ለማፋጠን አይደለም። ይህን አንድ ጊዜ ከሐኪም መስማት አይበቃም። ሦስት አራት ጊዜ፣ በራሷ ቋንቋ፣ ከምታምነው ሰው መስማት አለባት። ጠብታውን በውኃ ተለማምዳ ማየት አለባት።

ከዚያ የመጨረሻዎቹ ሰዓታት ምልክቶች። ትንፋሹ ይቆማል፤ እንደገና ይነሣል። ጉሮሮው ያንኮራፋል። እግሩ ይቀዘቅዛል፤ ይዥጎረጎራል። አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ ደንግጦ 911፣ የአሜሪካን የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር፣ ይደውላል። አምቡላንሱ መጥቶ ሥራውን ይሠራል፤ ደረት ይጫናል፤ ቱቦ ይከታል። ቤቱ መሞት የፈለገው ሰው ሆስፒታል ያልፋል። ከ911 በፊት የሆስፒሱን ስልክ መደወል እንዳለባቸው ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይነግራቸዋል። ወረቀቱን ግን አንድ ሰው አንብቦ፣ አስረድቶ፣ ለጥፎ መሄድ አለበት።

መንገድ መሪዎቹ የሚሄዱት ወደዚህ ዓይነት ቤት ነው።

አምስቱ ጉብኝት

የሚነጋገሩባቸው ጉዳዮች ሦስት ናቸው፦ የቅድሚያ ውሳኔ ወረቀቶች፣ ሕመምን ማስታገስ፣ ሆስፒስ። ሥልጠናቸው ግን በርእሶቹ ብቻ አልቆመም። ላቲኖዎች የሚያከብሯቸው ነገሮች ላይ ተመሥርቷል። ቤተሰብ ከግለሰብ ይቀድማል። ለታላቅ አክብሮት ይሰጣል፤ በስፓኒሽም እንደ እኛው አንተና እርስዎ የተለያዩ ናቸው። ሰው ከመሥሪያ ቤት ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር ነው ጉዳይ የሚይዘው። መተማመን በጊዜ ይመጣል።

የመጨረሻው የጉብኝቱን ብዛት ያስረዳል ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ሞት አይወራም። ቡና ይጠጣል፤ ስለ ልጆች ይጠየቃል፤ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ሐኪም ቤት 20 ደቂቃ ነው የሚሰጡህ። በ20 ደቂቃ ውስጥ «ልብዎ ቢቆም እንድናስነሣዎት ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ ከማያውቁት ሰው ሲመጣ መልሱ ዝምታ ወይም «እግዚአብሔር ያውቃል» ነው። ሐኪሙ ይህን «እምቢ አለ» ብሎ ይመዘግባል። ሰውየው ግን እምቢ አላለም። ገና ማን እንደጠየቀው አላወቀም።

ቤት ድረስ መሄድ ሌላም ጥቅም አለው። ቤተሰቡ እዚያ ነው። ክሊኒክ የምትመጣው አንዷ ልጅ ናት፤ ብዙ ጊዜም አስተርጓሚዋ እሷው ናት። የአባቷን ሞት ራሷ ተርጉማ ለአባቷ ትነግረዋለች። ወይ ደግሞ አለሳልሳ ሌላ ነገር ትለዋለች፤ ሐኪሙም ተነግሮታል ብሎ ይሄዳል። በአሜሪካ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎምም አይፈቀድም። ሕጉ እንዲህ ነው። የሚሆነውን ግን ሆስፒታል የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል።

የ«አትንገሩት» ጣጣስ እንዴት ይፈታል? ቤተሰብ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዞ «ካንሰር የሚል ቃል እንዳታነሣ» ይላል። እኛም ጋ ያለ ነገር ነው። ሐኪሙ መዋሸት አይችልም፤ ቤተሰቡ ደግሞ በክፋት አይደለም። በማስታገሻ ሕክምና የተለመደው መውጫ ጥያቄውን ወደ ሕመምተኛው መመለስ ነው። «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ?» አንዳንዱ «ሁሉንም ንገረኝ» ይላል፤ ቤተሰቡ ይገረማል። አንዳንዱ «ለልጄ ንገራት፣ እሷ ትወስን» ይላል። ያም የራሱ ውሳኔ ነው፤ ሕጉም ያከብረዋል። ውክልና ማለት ይኸው አይደል?

ምን ተለወጠ

ውጤቱ በ2018 ጃማ ኦንኮሎጂ በተባለው የካንሰር ሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ። መንገድ መሪ ከሄደላቸው 112 ሰዎች የቅድሚያ ውሳኔ ወረቀታቸው በሕክምና መዝገብ የተገኘው 73 ናቸው፤ 65.2 በመቶ። የጽሑፍ ጥቅሉ ብቻ ከተሰጣቸው 111 ሰዎች 40፤ 36 በመቶ። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ሁለቱም ወገን ለባህላቸው የተዘጋጀ ጽሑፍ እንደነበረው አትርሱ። ስለዚህ የጠፋው ትርጉም አልነበረም። በጥሩ ስፓኒሽ የተጻፈ ብሮሹርም ሰው ካልመጣበት ብሮሹር ነው።

«ላቲኖዎች ስለ ሞት ማውራት አይወዱም፤ ስለዚህ አይፈርሙም» የሚለው የድሮ ወሬ እዚህ ላይ ይሰነጠቃል። ባህሉ ያው ነው። ሰዎቹም በዕጣ ነው የተለዩት። የተለወጠው ጠያቂው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የኮሎራዶ ሕግ ልጥቀስ፤ እኔን ሁሌ ያስገርመኛል። ብዙ ግዛቶች ውክልና ያልሰጠ ሰው ራሱን ቢስት ማን እንደሚወስንለት በተራ አስቀምጠዋል፤ የትዳር ጓደኛ፣ ከዚያ ልጆች፣ እያለ ይወርዳል። ኮሎራዶ እንዲህ አታደርግም። ሚስት በቀጥታ ወሳኝ አትሆንም። ባለትዳሩ፣ ወላጆች፣ አዋቂ ልጆች፣ እህት ወንድሞች፣ የልጅ ልጆች፣ የቅርብ ወዳጅም ጭምር ተሰብስበው ከመካከላቸው አንድ ሰው በስምምነት ይመርጣሉ። ብቻውን የሚወስነውን ሰው ያሰበው ሥርዓት ውስጥ ይህ አንቀጽ ቤተሰብ ሰብስቦ የሚያማክር ነው። ችግሩ ሲስማሙ ብቻ ነው የሚሠራው። ካልተስማሙ ፍርድ ቤት ነው፤ ሕመምተኛው ማሽን ላይ እያለ። ታዲያ «እኔ ቤተሰቤ ይወስንልኛል፣ ወረቀት ምን ያደርግልኛል» የሚል ሰው ኮሎራዶ ውስጥ ወረቀቱ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ወረቀቱ ቤተሰቡን ከመጣላት ያድነዋል። መንገድ መሪ ይህን ለአንድ አባት ሲነግር «መብትህን አስከብር» ከሚለው ስብከት ይልቅ ሳይቀልለው አይቀርም።

ያልተለወጠው

አሁን ወደማያስደስተው። ሕመሙ አልቀነሰም። ከ10 በሚለካው መጠን የሁለቱም ወገን አማካይ 3 ገደማ ነው። አምስት ጉብኝት፣ ስለ ማስታገሻ ያን ሁሉ ትምህርት፣ ሕመሙ ግን እዚያው።

የሆስፒስም ነገር ተመሳሳይ ነው። ከሞቱት መካከል በሁለቱም ወገን ከአሥር ሰው ከሰባት በላይ ሆስፒስ ገብተዋል። መጀመሪያውኑ ብዙ ሰው የሚገባበት ቦታ ከሆነ ትምህርቱ የሚጨምረው ጥቂት ነው። የቆዩበት ጊዜ በአማካይ መንገድ መሪ ለተላከላቸው 36 ቀን ገደማ፣ ለሌሎቹ 20 ቀን ገደማ ነው። ቁጥሩ ደስ ይላል። ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። ስለዚህ አልጨበጥኩትም።

ሕመሙ ለምን አልቀነሰም? የእኔ ግምት እንዲህ ነው። ወረቀት መፈረም በቤተሰቡ እጅ ያለ ነገር ነው። መተማመን ሲመጣ ይፈረማል። ማስታገሻ ግን በቤተሰቡ እጅ የለም። ሐኪም መጻፍ አለበት፤ ፋርማሲ መያዝ አለበት፤ ኢንሹራንስ መክፈል አለበት። መንገድ መሪ መድኃኒት አያዝም።

ይህ ሰንሰለት ደግሞ ለላቲኖ ሕመምተኛ ላላ እንደሆነ ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር። በ1993 የወጣ አንድ ጥናት በሎስ አንጀለስ አንድ የድንገተኛ ክፍል ውስጥ ረጅም አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎችን አነጻጸረ። ሂስፓኒኮች (ጥናቱ ላቲኖዎችን የሚጠራው እንዲህ ነው) ምንም ማስታገሻ ሳይሰጣቸው የመቅረት ዕድላቸው ከነጮቹ እጥፍ ነበር። የአጥንት ስብራት ላይ ምን ባህል አለ? በ2000 ደግሞ በኒው ዮርክ ከተማ ፋርማሲዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። ነጮች በሚበዙበት ሰፈር ካሉት ፋርማሲዎች 72 በመቶው ለከባድ ሕመም የሚበቃ የኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ ኃይለኛ ማስታገሻ) ክምችት ነበራቸው። ነጭ ያልሆኑ ሰዎች በሚበዙበት ሰፈር 25 በመቶው ብቻ። ልጅቷ ፍርሃቷን አሸንፋ፣ ማዘዣውን ይዛ ብትሄድ ፋርማሲስቱ «የለንም» ይላታል።

«ባህላዊ እንቅፋት» የሚለውን አባባል የማልወደው ለዚህ ነው። የሥርዓቱን ጉድለት ለሕመምተኛው እናት እምነት አሸክሞ ይሄዳል። ሕመሙ አልቀነሰም ሲባል «ጽናት ይወዳሉ፤ ሕመማቸውን አይናገሩም» የሚል ማብራሪያ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሊሆን ይችላል፤ ከፊሉ። ግን መጀመሪያ የማዘዣውን ብዛትና የፋርማሲውን መደርደሪያ እንይ።

አንድ ሌላ በርም አለ፤ ማንም አስተማሪ የማይከፍተው። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ሜዲኬር አያገኝም። ሜዲኬይድ የሚባለው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሆነ የመንግሥት ኢንሹራንስም ለአስቸኳይ ሕክምና ብቻ ይከፍልለታል፤ ይህ ደግሞ በብዙ ግዛት ሆስፒስን አይሸፍንም። እንዲህ ያለ ሰው በበጎ አድራጎት የሚቀበለው ሆስፒስ ካልተገኘ ሲብስበት ድንገተኛ ክፍል ይገባል፤ ሲሻለው ይወጣል፤ እንደገና ይገባል። ለእሱ ቤተሰብ «ሆስፒስ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ» ማስተማር ትንሽ ይከብዳል።

የሌሎች ሙከራዎችም አሉ። አንዱን ብቻ ላንሣ። ለላቲኖ አስታማሚዎች ትምህርቱን በአጫጭር ቴሌኖቬላ (የላቲን አሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ) መልክ ያቀረቡ ተመራማሪዎች አሉ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። እናት ከልጆቿ ጋር ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ፣ የሌላ ቤተሰብ ጭቅጭቅ እያየች፣ ስለራሷ ቤት ታወራለች። ማንም ጣት አልቀሰረባትም።

አውሮራ ላይ

የሐበሻ አንባቢ ይህን ለምን ያነባል? ዴንቨርና አጠገቧ ያለችው አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው። ሕጉ ያው፣ ሆስፒታሉ ያው፣ ወረቀቱም ያው ነው። ሕመሙን ከባለቤቱ መደበቅ፣ ውሳኔን ለታላቅ መተው፣ «ከእግዚአብሔር ጋር አትጣሉ» ማለት እኛም ቤት አለ። ንስሐ አባትን ከሐኪም በፊት የሚጠራ ቤተሰብ አለ። ይህ ማለት ግን የላቲኖዎቹ ጥናት በቀጥታ ለእኛ ይሠራል ማለት አይደለም። በ223ቱ መካከል እኛ የለንም።

ቢሆንም የሚጠቅም ነገር አለው። ኮሎራዶ ውስጥ የሕክምና ውክልና ለማጽናት ምስክርም ኖታሪም (ፊርማ አረጋጋጭ) በሕግ ግዴታ አይደለም፤ የባለቤቱ ፊርማ ይበቃል። ምስክር ቢኖር ግን ይመከራል፤ ሌላ ግዛት ቢታመሙ ይጠቅማል። የሕክምና ኑዛዜው ግን ሁለት ምስክር ይፈልጋል። የሚያክምዎት ሰው ወይም ወራሽዎ ምስክር መሆን አይችልም። ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም። ፈርሞ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ግን አይሠራም። አንድ ቅጂ ለተወከለው ሰው፣ አንድ ለሐኪሙ መድረስ አለበት። ሆስፒታል ሲገቡም «በአማርኛ አስተርጓሚ» ብሎ መጠየቅ መብት ነው፤ በስልክ ወይም በቪዲዮ ያመጣሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን መሸከም የለበትም።

መንገድ መሪውን ማን ይከፍለዋል የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረውም። ጥናት ሲያልቅ ገንዘቡም ያልቃል፤ ሰዎቹም ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ። ሜዲኬር ከ2016 ጀምሮ ሐኪሙ ስለ ቅድሚያ ውሳኔ ለሚያደርገው ውይይት መክፈል ጀመረ። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ደግሞ ከባድ ሕመም ላለበት ሰው በሐኪም ክትትል ሥር የሚሠራ የሠለጠነ መንገድ መሪ ክፍያ አለው። አስታማሚን ማሠልጠንም ያን ጊዜ የክፍያ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ሐኪሙ ዘንድ ቀርቦ መታየት ያስፈልጋል። ተጨማሪ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው 20 በመቶውን ከኪሱ ይከፍላል። ክሊኒኩ ካልጠየቁት ላያነሣው ይችላል፤ ስለዚህ ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ሜዲኬር ላለው ነው። ዕድሜው 58 የሆነ፣ ካንሰር የያዘው፣ ሜዲኬር ያልደረሰለት ሰው የራሱን ኢንሹራንስ ወይም የግዛቱን ሜዲኬይድ መጠየቅ ይኖርበታል፤ መልሱም ከቦታ ቦታ ይለያያል።